ተራራው ማዶ የቀረው ውሃ

በእንጦጦ ራጉኤል ዙሪያ የሚጥል ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። ከጉብታው በስተደቡብ የወደቀው በቀበናና በግንፍሌ ወርዶ ከተማችንን ያቋርጣል፤ አቃቂ ይቀበለዋል፤ አቃቂ ለአዋሽ ይሰጠዋል፤ አዋሽም አፋር በረሃ ዘልቆ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከተራራው ጀርባ የወደቀው ደግሞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይተኛል። ሲቢሉና ገርቢ የሚባሉ ወንዞች ይሰበስቡታል፣ ሙገር ይወስደዋል፣ ሙገር ለአባይ ያስረክበዋል። መስከረም 1 ቀን ለቅዱስ ራጉኤል ንግሥ የወጣ ሰው ትንሽ ዘወር ዘወር ቢል ሁለቱንም ያያል። በወዲህ በኩል ውሃ በፈረቃ የሚታደላት ከተማ ተዘርግታለች። በወዲያኛው በኩል ክረምቱን ጠጥቶ ያልጨረሰ፣ እግር የሚያሰምጥ ለምለም ሜዳ አለ። በመካከላቸው ያለው አንድ ተራራ ነው።

ተራራው አቅቶን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላንገበገበኝ። የአቅም ነገር ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን ተራራ መብሳት አላቃተንም። በጥር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሁለት የኃይል ማመንጫ ውሃውን የሚያገኘው 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ነው። በተመረቀ በቀናት ውስጥ የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶበት እንደገና ተጠግኖ ሥራ ጀምሯል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጣና በለስ ተመረቀ፤ የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሬት ውስጥ አሳልፎ በለስ ሸለቆ ውስጥ ያወርደዋል፣ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት። እንግዲህ ለመብራት ሲሆን ሸለቆ አሻግረናል። ለእንስራ ሲሆን ግን እንጦጦን አላሻገርንም።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ጉራራ በሚወጣው ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በፈረቃ ቀናችን ውሃ የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ከታች ያለው ሰፈር ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ ነው። ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል። ቀጥሎ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ቡናማ ነገር ይንዶለዶላል፣ እሱ ካለፈ በኋላ ነው ንጹሑ የሚቀጥለው። ከአጥር ማዶ ያሉት እማማ ከሁላችንም ቀድመው ይሰማሉ። «ልጄ፣ ተነስ! መጣች!» ይሉኛል። ቅደም ተከተሉን ማንም አይስተውም። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ለመጠጥና ለወጥ ይቀድማሉ፣ ባልዲው ይከተላል፣ በርሜሉ መጨረሻ ነው፤ የልብስ ውሃ ከበርሜሉ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሮቶ ያለው ቤት ሞተሩን ያስነሳል። ያኔ የእማማ ቧንቧ ወዲያው ይቀጥንና ክር ያክላል። አንድ ሌሊት «እማማ፣ እኔ ጋ ጀሪካኑን ያምጡት» ብላቸው «ተወው የኔ ልጅ፣ ለነገ ልብስ ነበር፤ ልብስ ደግሞ ይጠብቃል» አሉኝ። ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ይህ ትሕትና ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ልብስ ይጠብቃል? ሕፃን ልጅ ለመታጠብ ይጠብቃል? የታመመ ሰው ይጠብቃል?

ውሃ ለድሃ ርካሽ ነው የሚለውን ወሬ የሚያምን ካለ ይቁጠር። አንድ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካኑን በ10 ብር ብቻ የገዛ ሰው ለሜትር ኩቡ 500 ብር ከፍሏል ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ቧንቧ የሚፈስለት ጎረቤቱ ለዚያው መጠን የሚከፍለው ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ቦቴ የሚያስመጣ ባለ ፎቅም ይማረራል፣ ግን ያስመጣል። ጀሪካን ተሸክማ ከሰፈር ሰፈር የምትዞረው ሠራተኛ ወይም ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅ ግን ክፍያዋ በብር ብቻ አይደለም።

ይህች ከተማ ከእንጦጦ ወርዳ ፍልውሃ አጠገብ ስትቆረቆር ውሃ ፈልጋ ነው ማለት ይቻላል። ቆይቶም የመጀመሪያውን የቧንቧ ውሃ ያገኘችው ከዚሁ ተራራ ነው፤ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ከእንጦጦ ሥር ምንጭ አጥምዶ ወደ ምኒልክ ግቢ አወረደው። ያኔ የከተማዋ ሞት ሆኖ የታየው የማገዶ እጥረት ነበር። ዛፉ አልቆ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደርሶ አተረፋት። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ያ ዛፍ መሬት አድርቋል፣ ምንጭ አጥፍቷል እየተባለ ይወቀሳል፣ ወቀሳውም መሠረት አለው። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማየው። የዚያን ጊዜ ሰዎች የጎደላቸውን ነገር ሲያዩ በአንድ ትውልድ ውስጥ መላ አበጁለት።

የውሃው ታሪክ እንዲህ አልሄደም። ገፈርሳ በ1930ዎቹ ተገደበ። ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደረሰ። ድሬ በ1991 ዓ.ም. ተጨመረ፤ ከዚያ የአቃቂ ጉድጓዶች መጡ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን የነበረው የከተማው ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ ግን ጭማሪውን ለማወቅ ቆጣሪ አያስፈልግም፣ ከራጉኤል ወደ ታች ማየት ይበቃል።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ገፈርሳም፣ ለገዳዲም፣ ድሬም፣ አቃቂም ከተራራው በወዲህ በኩል፣ በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው። ይህ ወገን ደግሞ ተሟጧል። አቃቂ የከተማዋ ዝቅተኛው ጫፍ ነው፤ ከዚያ የወጣ ውሃ ሽሮ ሜዳና ጉራራ እንዲደርስ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሽቅብ በኤሌክትሪክ መገፋት አለበት። መብራት ጠፋ ማለት ውሃ ጠፋ ማለት የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የከተማው ቆሻሻ በሙሉ ወንዞቹን ይዞ የሚወርደው ወደዚያው ወደ አቃቂ ነው። የምንጠጣውን የምንቆፍረው የምንደፋው ከሚጠራቀምበት ሥር ነው ማለት ነው። በአንጻሩ የሱሉልታ ሜዳ ከመስቀል አደባባይ ከፍ ይላል። የተጠማው ዳገት ከሜዳው ጋር የሚለያየው በአንድ ጫፍ ነው።

ሲቢሉና ገርቢ ታዲያ ትናንት የተገኙ ስሞች አይደሉም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በከተማዋ የውሃ ዕቅድ ውስጥ የግድብ ቦታ ሆነው ሲጻፉ የኖሩ ናቸው። ገርቢ ትንሹ ነው፤ በቀን ከ70 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ እንዲሰጥ የታሰበ። በጀሪካን ብንለውጠው በየቀኑ 3.5 ሚሊዮን ጀሪካን ነው። ሲቢሉ ከእርሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥናቱ ነበረ። ለገርቢ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ተፈልጎለትም ነበር። ሥራ ይጀመራል ሲባል ከርሞ የገበሬዎቹ የካሳና የመሬት ጉዳይ አልቋጭ አለ፤ ግድቡ ለዓመታት ወረቀት ላይ ቀረ።

እዚህ ጋ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው የሚቆመው «ገበሬ እንቢ አለ» በሚለው ላይ ነው። እኔም የምቆጨው በዚሁ ላይ ነው፣ ግን በተቃራኒው። ገበሬው ለምን እሺ ይበል? ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ምን ሲያይ ኖረ? ገፈርሳ ሲገደብ፣ ለገዳዲ ሲገደብ፣ ድሬ ሲገደብ አየ። መሬቱ በውሃ ተዋጠ፤ ውሃው በትልቅ ቧንቧ ደጃፉን አልፎ ወደ ከተማ ገባ። ለገዳዲ ግድብ አካባቢ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ «አባባ፣ ዘንድሮ ግድቡ ሞልቷል?» ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው «ለእናንተ ሞልቷል» የሚል ነበር። ንዴት የለበትም። እንደ አየር ጠባይ፣ እንደ ቀን አቆጣጠር የተናገሩት ነገር ነው። ያ ቃል ከማንኛውም የምሕንድስና ሰነድ በላይ ገርቢ ለምን እንደቀረ ነገረኝ።

የካሳው ሕግ ራሱ ምን ይል እንደነበር ማየት ይበቃል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከእርሻ መሬቱ በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ የሚሰጠውን የመፈናቀያ ካሳ ያሰላው ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር አባዝቶ ነው። አሥር ዓመት! ግድብ ግን አሥር ዓመት አይደለም የሚያገለግለው። ለገዳዲ ከሃምሳ ዓመት በላይ ውሃ ሰጥቷል፣ ዛሬም ይሰጣል። ልጁና የልጅ ልጁ የሚያርሱትን መሬት የሰጠ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ በውሃው ላይ ምንም የለውም። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ያንን አሥር ወደ አሥራ አምስት አሳደገው። ተሻለ። ግን አሁንም ሻጭና ገዢ ነው ያደረጋቸው፤ ሸሪክ አላደረጋቸውም።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ሌሶቶና ደቡብ አፍሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተፈራረሙ። ሌሶቶ ደጋ ናት፣ ውሃ አላት፤ ጆሃንስበርግና አካባቢዋ ኢንዱስትሪና ሕዝብ አላቸው፣ ውሃ የላቸውም። ካትሴ የሚባለው 185 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተሠራ፣ ተራራው በዋሻ ተበሳ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ውሃው ሰሜን ተሻገረ። በአፓርታይድ ዘመን የተፈረመ፣ በሙስና የተበከለ፣ የተፈናቀሉት ብዙ የተማረሩበት ሥራ ነው፤ ንጹሕ ምሳሌ ብዬ አላቀርበውም። አንድ ነገር ግን አለው፤ ደቡብ አፍሪካ ለሚወርድላት ውሃ ለሌሶቶ መንግሥት ሮያሊቲ ትከፍላለች፣ ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ። ሌሶቶም በዚያው ውሃ ሙኤላ ላይ 72 ሜጋ ዋት ታመነጫለች። የኒው ዮርክ ከተማም በ1997 እ.ኤ.አ. ውሃዋ ከሚመጣባቸው የካትስኪል ተራሮች ነዋሪዎች ጋር ተዋዋለች። ግዙፍ ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ገንዘቡን ለእነርሱ አወጣች፤ የገበሬውን በረት አሻሻለች፣ የትንንሾቹን ከተሞች ፍሳሽ አስተካከለች፣ መሬት በፈቃድ ገዛች። የሚጠጣውና የሚያጠጣው በአንድ ውል ታሰሩ።

እኛስ? እንጦጦ ግራና ቀኝ እንዲህ ያለ ውል ለመዋዋል አንድ ሉዓላዊ አገር ከሌላ ሉዓላዊ አገር ጋር መደራደር እንኳ አያስፈልገንም ነበር። በር ተከፍቶልን ነበር፤ ያውም በሕገ መንግሥት። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ክልል ከአዲስ አበባ ጋር በተያያዘ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በመሳሰሉት ልዩ ጥቅሙ እንደሚጠበቅለት ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። ያ አንቀጽ ብዙ ፖለቲካ ተጭኖበታል፣ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ከውሃ አንጻር ላየው ሰው ግን የተዘጋጀ የውል መዝገብ ነበር። ከለገዳዲ ለሚወጣው ይህን ያህል፣ ከገፈርሳ ለሚወጣው ይህን ያህል፣ ቧንቧው ለሚያልፍባቸው ቀበሌዎች መጀመሪያ ውሃ ይድረስ፣ ከከተማው ቆጣሪ ከየሜትር ኩቡ ይህን ያህል ለተፋሰሱ ገበሬ ይግባ ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። የከተማው ሕዝብ ያኔ 2.1 ሚሊዮን ነው። ሱሉልታ ገና ሜዳ ነው። ሁሉም ነገር ርካሽ ነበር፤ መተማመንም ጭምር።

ሒሳቡ ከባድም አልነበረም። ከገርቢ ውሃ በሜትር ኩብ 1 ብር ብቻ ለገበሬዎቹ ይመደብ ብንል በቀን 70 ሺህ ብር፣ በዓመት ከ25 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ያ ገንዘብ ያኔ ለአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መስኖና መንገድ ነበር። ለእኛ ለጠጪዎቹ ደግሞ በጀሪካን ሁለት ሳንቲም ነው። ሁለት ሳንቲም! ይህን ለመክፈል እንቢ የሚል የጉራራ ሰው አላውቅም። ግን ማንም አልጠየቀንም። ማንም ለእነርሱም አላቀረበላቸውም።

ሕጉ ሳይወጣ ዓመታት አለፉ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሚባለው መጣ። በሚያዝያ ወር ተቃውሞ ተነሳ፣ ሰው ሞተ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ተነስቶ እንደገና ተቀጣጠለ፣ እጅግ ብዙ ሰው ሞተ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። ያ ተቃውሞ ስለ ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ስለ መሬት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ብዙ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከከተማው ወደ ሱሉልታ ካርታ ይዞ የሚሄድ መሐንዲስ ሁሉ መሬት ሊወስድ የመጣ ተደርጎ ታየ። ያዩትም ሰዎች ያለ ምክንያት አላዩትም። ልዩ ጥቅሙን የሚዘረዝረው ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤት የተመራው ይህ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። የውሃ ምንጭ ለሆኑ አካባቢዎች ከተማው የመጠጥ ውሃ እንዲያቀርብ የሚል ሐሳብም ነበረበት። ሃያ ዓመት የዘገየ፣ ትክክለኛ ሐሳብ። እሱም ሳይጸድቅ ቀረ።

አንዳንድ ጊዜ ሰዎች «የአባይ ውሃ ስለሆነ፣ ግብፅ ስላለች ነው» ይላሉ። በድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ከዓለም ባንክ ገንዘብ ለሚፈልግ የታችኞቹን አገራት የማሳወቅ ግዴታ መኖሩ እውነት ነው። ግን ይህች አገር መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚያው አባይ ላይ የሕዳሴውን የመሠረት ድንጋይ አስቀምጣ፣ ዓለም እየተቃወማት፣ ከጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ሳይቀር ቦንድ ሰብስባ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ ሠርታ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. መርቃዋለች። እማማም ቦንድ ገዝተዋል፤ ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መካከል አስቀምጠውታል። ገርቢ በዓመት የሚሰጠው 26 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከዚያ 74 ቢሊዮን አጠገብ ስናስቀምጠው የሚታይ ነገር አይደለም። ካይሮን ያልፈራን ሰዎች ሱሉልታ ካለው ጎረቤታችን ጋር ቁጭ ብለን መነጋገር አቃተን። እርር የሚያደርገኝ ይህ ነው።

ይባስ ብሎ የዚያ ማዶ ውሃ እንጦጦን አለመሻገሩም እውነት አይደለም። በየቀኑ ይሻገራል። በጎጃም መንገድ ጠዋት የሄደ ሰው ያየዋል፤ ከሱሉልታ የታሸገ ውሃ የጫኑ መኪኖች ዳገቱን ጨርሰው ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳሉ። ከሜዳው ሥር በጥልቅ ጉድጓድ ይወጣል፣ በፕላስቲክ ይታሸጋል፣ በናፍጣ ተራራውን ይሻገራል፣ ሱቅ ውስጥ በግማሽ ሊትር ይሸጣል። ገንዘብ ላለው ሰው ተፋሰስ የሚባል ነገር የለም። ገበሬው በዚህኛው ውሃ ላይም ድርሻ የለውም፤ በጀሪካን የሚኖረው የከተማ ሰውም አይገዛውም። እንግዲህ ውሃው ለሁለቱም ሳይሆን ተሻገረ።

ተጠያቂው አንድ መንግሥት ነው ብዬ ለመጨረስ ይቀለኝ ነበር። አይደለም። ከተማችንም፣ እኛም ቧንቧ ከፍተን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳንጠይቅ ኖረናል። ከሚመረተው ውሃ ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ በየመንገዱ በተሰበረ ቧንቧና በሕገወጥ መስመር ቤት ሳይደርስ እንደሚባክን የውሃ ሹማምንቱ ራሳቸው ሲናገሩ ሰምተናል። ለገዳዲ ያሉት ሽማግሌ መሬት የሰጡበት ውሃ አስፋልት ላይ ሲፈስ ረግጠነው አልፈናል። ክረምት ሲሆን ቀበና ሞልቶ ቤት ይወስዳል፣ በዚያው ሳምንት እዚያው ሰፈር ቧንቧው ደረቅ ነው፤ ይህንንም ለምደነዋል። ከጣሪያው ላይ የሚወርደውን ውሃ ያጠራቀመ ቤት በየሰፈሩ ስንት ነው? ሌላውን ውሃ አምጣ ለማለት መጀመሪያ በእጅ ያለውን መያዝ ነበረብን፤ ገበሬውም ያንን ያያል።

አሁን ያንን ያመለጠንን ጊዜ ማንም መልሶ አይሰጠንም። የሱሉልታ ሜዳ ዛሬ የያኔው ሜዳ አይደለም። ፋብሪካ ገብቶበታል፣ የአበባ እርሻ ገብቶበታል፣ ቤት በቤት ሆኗል፤ በ2015 ዓ.ም. ሱሉልታ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲና ከሌሎቹ ጋር ሸገር ከተማ ሆናለች። በ1987 ዓ.ም. ጥቂት ገበሬዎችን አሳምኖ፣ አክብሮና ድርሻ ሰጥቶ ውሃ ማቆም ይቻልባት የነበረችው ሱሉልታ ዛሬ ራሷ የተጠማች ከተማ ናት፤ ለራሷ ሳይበቃት ለእኛ ስጪ ልንላት ነው። ይህ ብቻ ደግሞ አይደለም። ማስተር ፕላኑ በወጣበት በ2006 ዓ.ም. አንድ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዋሻ መቆፈሪያው፣ ፓምፑ፣ የብረት ቧንቧው፣ የማጣሪያው ኬሚካል ሁሉ የሚገዛው በዶላር ነው። ያኔ በአንድ ብር ይሠራ የነበረው ዛሬ ከአምስት ብር በላይ ይጠይቃል፤ በውሃ ክፍያ ተጨምሮም ከእኛው ኪስ ይወጣል። በ2006 ዓ.ም. የተወለዱት የሰፈራችን ልጆች አሁን ጀሪካን ለመሸከም ደርሰዋል። ብድሩ ነገ ቢገኝ፣ ገበሬው ነገ እሺ ቢል፣ ግድቡ ነገ ቢጀመር እንኳ ውሃው ጉራራ ሲደርስ ትምህርታቸውን ጨርሰው ይሆናል፤ ዕዳውን ግን ከመጀመሪያው ደመወዛቸው ጀምሮ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው።